ባሕሩ መንገድ ላይ የሚወጣባት ከተማ፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ ፓራቲን ለማየት

ባሕር ዳር ተወልጄ ነው ያደግኩት። ልጆች ሳለን ጣናን ሐይቅ ብለን አናውቅም፤ «ባሕሩ» ነው የምንለው። የከተማዋም ስም ከዚያው ነው። ካደግኩ በኋላ ከወደቡ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን፣ ወደ ደብረ ማርያም እንግዳ በጀልባ እያመላለስኩ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ውሃ ዳር ያለ ከተማ ምኑ ይገርመኛል ብዬ ነበር ብራዚል የሄድኩት።

ፓራቲ በገባሁ በማግስቱ ከምሳ በኋላ በር ላይ ቆሜ ቡና እጠጣለሁ። ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ውሃው ከወደቡ በኩል ተነሳና የድንጋዩን መንገድ ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ቆምኩበት በር መጣ። አንድ ጎረቤት ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ውሃውን እየረገጠ መንገዱን ቀጠለ። ማንም አልደነገጠም። ቆየት ብሎ ውሃው በመጣበት ተመለሰ፤ መንገዱም ታጥቦ ቀረ።

አንድ ጓደኛዬ ከእኔ አንድ ወር ቀድሞ እዚያው ከተማ ሦስት ቀን አድሮ ነበር። ስለዚህ ነገር ስነግረው አላመነኝም። እሱ ያየው ደረቅ መንገድ ብቻ ነው። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እሱ የሄደው ጨረቃዋ ግማሽ በሆነች ጊዜ ነበር። እኔም ቢሆን ሙሉ ጨረቃ ላይ የደረስኩት በአጋጣሚ እንጂ አውቄ አልነበረም። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። ፓራቲ መሄድ ካሰባችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨረቃዋን እዩ።

ከተማዋ የት ናት፣ ለምንስ እንዲህ ሆና ቀረች

ፓራቲ ያለችው በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ጠረፍ፣ በሪዮ ዲ ጄኔሮ ግዛት ውስጥ ነው። ከሪዮ ከተማ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሌላ በኩል ወደ ሳኦ ፓውሎ የሚወስደው መንገድ ነው። ሕዝቧ ወደ 45 ሺህ ገደማ ነው። ከጀርባዋ ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሰ ተራራ አለ፤ ከፊቷ ደግሞ ደሴት የሞላበት ባሕረ ሰላጤ።

ፖርቱጋሎች ለከተማዋ የራሷን አስተዳደር የሰጧት በ1667 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ዓመት ስሰማ ቆም አልኩ። ዓፄ ፋሲል ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። አባታቸው ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን ተቀብለው ነበር፤ ፋሲል ሲነግሡ ግን በፖርቱጋሎች በኩል የመጡትን፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሰባኪዎች ከአገር አስወጡ። እነዚያ ሰዎች እኛ ዘንድ ትተውት የሄዱት ጎርጎራ አጠገብ ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ ዓይነት ነው። የፈረሰው ቅስት፣ የተቀረጸው ድንጋይ ሁሉ አሁንም ይታያል። ፓራቲ ላይ ግን ፖርቱጋሎቹ አልወጡም። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መንገዱ እንዳለ ቆሟል። ጎርጎራን ያየ ሰው ፓራቲን ሲያይ የተቋረጠ ታሪክ ሌላ ቦታ ቀጥሎ ያገኘ ያህል ይሰማዋል፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ከተማዋ ያደገችው በወርቅ ነው። ከሚናስ ዤራይስ ተራሮች የወጣው ወርቅ በበቅሎ ተጭኖ ወደዚህ ይወርድ ነበር፤ ከዚህ በመርከብ ወደ ሪዮ፣ ከዚያም ወደ ሊዝበን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሚናስ ወደ ሪዮ በቀጥታ የሚወስድ አዲስ መንገድ ሲከፈት ወርቁ ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ ቡና መጣ። ቡናውም ባቡር ሲሠራለት ሌላ መንገድ ያዘ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ብራዚል ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀረችው። የከተማዋ ሀብት የቆመው በባሪያዎች ጉልበት ስለነበረ ሰው እየለቀቀ ሄደ። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በጠረፉ የሚያልፈው የመኪና መንገድ አልነበረም። ማንም አዲስ ፎቅ ሊሠራባት ስላልመጣ አሮጌው ሳይፈርስ ቀረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ፓራቲን ከጎኗ ካለችው ኢልያ ግራንጂ ደሴትና ከዙሪያዋ ደን ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ቀን መቁረጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጣናም ይሞላል፣ ይጎድላል። ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ ይሸሻል፣ ይህን ለማድረግ ዓመት ይፈጅበታል። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የሚስበው ጨረቃዋ ናት፤ ፀሐይም ታግዛታለች። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጠፍ ስትሆን ሦስቱ፣ ማለት ምድር፣ ጨረቃና ፀሐይ፣ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ያን ጊዜ ሙላቱ ይበረታል። ፓራቲ ላይ ውሃው መንገድ የሚወጣውም በእነዚህ ቀናት አካባቢ ነው።

ከተማዋን የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀው ነው የሠሯት። መንገዶቹ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ ነው፤ ውሃ ገብቶ እንዲወጣ። በባሕሩ በኩል ባለው ግንብ ላይ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል። ቤቶቹ ደግሞ ከመንገዱ ከፍ ብለው ተሠርተዋል። በድሮ ጊዜ የከተማዋን ቆሻሻ የሚያጥበው ባሕሩ ነበር።

እኛ አገር ጨረቃ መቁጠር አዲስ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ የደብር አገልጋይ በአካባቢያችሁ ካለ ቀኑን ከስልካችሁ በፊት ይነግራችኋል። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ የሂጅራ ወር የሚገባበትንና የወሩን 14ኛና 15ኛ ቀን ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሚፈለግ የለም። የኔ ምክር፣ ከሙሉ ጨረቃ ወይም ከጠፍ ጨረቃ አንድ ቀን በፊት ድረሱ፣ ሦስት ወይም አራት ሌሊት እደሩ። ትክክለኛውን ሰዓት ለማወቅ የብራዚል ባሕር ኃይል የሚያወጣው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ አለ፤ በቋንቋቸው «ታብዋ ጂ ማሬስ» ይባላል። ማረፊያችሁ ስትደርሱ ይህን ስም ጥሩ፣ ያሳዩአችኋል። «ማሬ ሼያ» ማለት ባሕሩ ሞላ፣ «ማሬ ባይሻ» ማለት ጎደለ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ነገሩ ለእኛ ተስማሚ ነው። እዚያ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሞቃትና ዝናባማ ነው፤ የትምህርት ቤት ዕረፍትም ስለሆነ ሰው ይበዛል፣ ዋጋም ይወደዳል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ግን ዝናቡ ይቀንሳል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ያ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ክረምት ነው፤ የእኛ ጀልባዎችም ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወቅት ነው። ማታ ማታ ስለሚበርድ አንድ ሹራብ ያዙ። በዓመቱ አጋማሽ አካባቢ በአብዛኛው ሐምሌ ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል አለ። መጽሐፍ ለሚወድ ደስ ይላል፤ ማረፊያ ግን ከብዙ ወር በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም። ፌስታ ዱ ጂቪኑ የሚሉት በዓላቸው ደግሞ ከፋሲካቸው በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። የእኛው ጰራቅሊጦስ ማለት ነው። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም ቀኑን አረጋግጡ።

መሄጃው

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ብራዚል ቪዛ ትጠይቃለች። ኤምባሲያቸው አዲስ አበባ ነው። ሰነድ አሰባስቦ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ ጊዜ ይወስዳልና ከጉዞው ሁለትና ሦስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ለባሕር ዳር ሰው አዲስ አበባ መመላለሱ ራሱ ወጪ ነው። የሚጠይቁትን ዝርዝር አስቀድማችሁ አግኙ፣ ሁሉንም አሟልታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ሂዱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም አትርሱ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ስትመለሱም አገር ቤት ሊጠየቅ ይችላል።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ጉዋሩልዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳችኋል። በረራው ወደ 12 ሰዓት ይፈጃል። ከጉዋሩልዮስ ቺዬቴ ወደሚባለው ትልቅ የአውቶቡስ ተራ ትሄዳላችሁ። ሻንጣ ካለባችሁና ደክሟችሁ ከሆነ ባቡር ከመቀያየር በታክሲ ብትሄዱ ይሻላል። ከቺዬቴ ፓራቲ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሪዮ ከተነሳችሁ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መንገዱም ባሕሩን እየታከከ ስለሚሄድ ውብ ነው። ከሪዮ ስትመጡ በግራ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ። በኢንተርኔት ትኬት ስትቆርጡ የብራዚል ዜጎች የግብር ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። አትጨነቁ፤ ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ፓስፖርት አሳይታችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ስትሳፈሩም ፓስፖርት ስለሚጠየቅ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ሳኦ ፓውሎ ላይ ስልክ ይዞ መንገድ ዳር መቆም ጥሩ አይደለም፤ ነጣቂ አለ።

ስለ ሰዓት አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ብራዚል ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ ስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ በእጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ምንም አትንኩት፤ ፓራቲ ላይ በትክክል የእነሱን ሰዓት ያሳያል። ባሕር ዳር ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፓራቲ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚለየው ቀንና ሌሊቱ ብቻ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ሰዓቴን ላስተካክል ስል ነው። ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ። ግን ተጠንቀቁ፣ እነሱ «11» ሲሉ ቀኑ ሊጋመስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ በእኛ አፍ አምስት ሰዓት። ጀልባ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ብሔራዊ ገንዘቡ ሪያል ይጻፋል፤ ሲጠሩት ግን «ሄያው» ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ረ» እንደ «ሀ» ነው የሚሏት። ሪዮም አፋቸው ላይ «ሂዩ» ይሆናል። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን ንግግር መያዝ ትጀምራላችሁ። ወንድ ሲያመሰግን «ኦብሪጋዱ»፣ ሴት «ኦብሪጋዳ» ትላለች። ዶላራችሁን ከተማ ውስጥ መንዝሩ። የመብራቱ ኃይል እዚያ አካባቢ 127 ቮልት ስለሆነ የስልክ ቻርጀር ይሠራል፤ ከአገር ቤት የያዛችሁት የፀጉር ማድረቂያ ግን በቅጡ አይሞቅም።

ከተማው ውስጥ

አሮጌው ከተማ መኪና አይገባበትም፤ መግቢያው ላይ በሰንሰለት ተዘግቷል። መንገዱ ትላልቅና ቅርጹ ያልተስተካከለ ድንጋይ ነው። «ፔ ጂ ሞሌኪ» ይሉታል፤ የልጅ እግር እንደማለት ነው፤ በዚያው ስም የሚጠራ የኦቾሎኒ ጣፋጭም አለ። የሻንጣዬ ጎማ እዚህ ነው የተሰበረው። ያረፍኩበት ቤት መኪና እንደማይደርስ ቀድሞ አልነገረኝም ነበርና ሻንጣዬን በትከሻዬ ተሸክሜ ገባሁ። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ያዙ። ጫማችሁ ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ይሁን፤ ለውሃው ደግሞ ሌላ የጎማ ጫማ ይኑራችሁ። ማረፊያ ስትይዙ «በሙላት ጊዜ በራችሁ ላይ ውሃ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚደርስ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ለማየት የሄዳችሁት እሱን ነውና። ብቻ ለአውቶቡስ የምትወጡበት ሰዓት ከሙላቱ ጋር እንዳይገጥም አስሉ።

አብያተ ክርስቲያናቱን በእግር በአንድ ጠዋት ታዳርሷቸዋላችሁ። እኔ ግን ቀስ ብላችሁ እንድታዩአቸው እለምናለሁ፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ታሪክ እነሱ ላይ ነው የተጻፈው። አራት ናቸው፤ የተከፋፈሉትም በሰው ቆዳና በሰው ሀብት ነው። ወደቡ አጠገብ ያለችው፣ ሁሉም ፎቶ የሚያነሳት ሳንታ ሪታ በ1722 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት፤ ነፃ ለወጡ ክልሶች ነበረች። አሁን የንዋያተ ቅድሳት ሙዚየም ናት። ሆዛሪዮ የምትባለው በ1725 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ለባሪያዎቹ ነው። በ1800 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ዶሬስ የባለጸጋ ነጮች፣ በተለይም የወይዛዝርቱ ነበረች። ትልቋ ሄሜጂዮስ ደግሞ የከተማዋ ደብር ናት፤ ግንባታዋ ተጀምሮ እየቆመ እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይቷል። ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የተቀመጥኩት ሆዛሪዮ ውስጥ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ወንድና ሴት በየበሩ እንገባለን፤ በቆዳ ቀለም ተለይቶ መሳለም ምን ማለት እንደሆነ ግን እዚያ እስክቀመጥ ድረስ አስቤው አላውቅም።

ውሃው የሚወጣው በሳንታ ሪታ በኩልና ሁዋ ዳ ፕራያ በሚባለው መንገድ ነው። ከሙላቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ እዚያ ቁሙ። ነፋስ ከሌለ ነጫጭ ግድግዳዎቹ፣ ባለቀለም በሮቹና መስኮቶቹ ሁሉ መንገዱ ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። በሙሉ ጨረቃ ሁለተኛው ሙላት ሌሊት ነውና ከቻላችሁ ተነሱ። ሰው የለም፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ጨረቃዋ መንገዱ ላይ ትተኛለች።

ከተማውን ከላይ ለማየት ወንዙን በድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ምሽጉ ውጡ። በ1703 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ በ1822 እ.ኤ.አ. የታደሰ ነው። መድፎቹ አሁንም ወደ ባሕሩ ዞረው ተቀምጠዋል።

ጀልባ

እዚህ ላይ የምናገረው በሙያዬ ነው። ከወደቡ ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ። አንደኛው ኤስኩና የሚሉት ትልቅ የእንጨት ጀልባ ነው፤ ሙዚቃ፣ ምሳ፣ ብዙ ሰው። አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ 11 ሰዓት አካባቢ ይነሳል፣ አምስት ሰዓት ያህል ይዞራል፣ አራት ቦታ ላይ እያቆመ ያዋኛል። ለብቻው ለሚጓዝ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ትንሽ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነው፤ በሰዓት ትከራዩታላችሁ። አራት ወይም አምስት ሰው ከሆናችሁ ያለ ጥርጥር ትንሹን ያዙ። ባለቤቱ አካባቢውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች ያልደረሱበትን ቦታ በዚያ ሰዓት መርጦ ይወስዳችኋል።

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጀልባው ላይ ውጡና የነፍስ አድን ጃኬቱን ቁጠሩ። «ኮሌቺ» ነው የሚሉት። ለእያንዳንዱ ሰው ከሌለ ውረዱ። እኛም ወደብ እንግዶቼ ይህን ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ባለጀልባውም ይጠነቀቃል። ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የት የት እንደሚያቆም፣ ምሳው በሒሳቡ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ተስማሙ። ለጣና የለመደ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ጨዋማ ውሃ ሰውነትን ያንሳፍፋል፣ ዓይንን ግን ያቃጥላል፣ ስልክንም ቶሎ ያበላሻል።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ሙሉ ቀን ለሳኩ ዱ ማማንጓ ስጡ። ባሕሩ በሁለት ተራሮች መካከል ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ሐይቅ የሚተኛበት ቦታ ነው። በዳርቻው ካይሳራ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ፤ የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ የፖርቱጋልና የአፍሪካ ዘር የተቀላቀሉባቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሠሩትን ታንኳ ሲቀዝፉ ሳይ የእኛን የደንገል ታንኳ አስታወሰኝ። እኔም በእጄ አሳየኋቸው፣ እንዴት ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ እንደሚታሰር። ጣና ላይ አሁንም እህልና እንጨት እንደሚጫንበት ስነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ካምፒኞ

ብዙ መንገደኛ ይህን ቦታ ያልፈዋል። እናንተ አትለፉት። ከፓራቲ ወደ ሳኦ ፓውሎ ጠረፍ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ካምፒኞ ዳ ኢንዴፔንዴንሲያ የሚባል መንደር አለ። ኪሎምቦ ነው፤ ኪሎምቦ ማለት በባርነት የነበሩ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው የመሠረቱት ሰፈር ማለት ነው። መንደሩን የመሠረቱት አንቶኒካ፣ ማርሴሊናና ሉዊዛ የሚባሉ ሦስት ሴቶች መሆናቸውን ነዋሪዎቹ ይናገራሉ፤ ሁሉም ትውልዱን ከእነሱ ይቆጥራል። መሬታቸውን ሊቀማቸው የመጣውን ሁሉ ለብዙ ዓመታት ታግለው የይዞታ ማረጋገጫቸውን ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ማኅበራቸው ራሱ ነው ጉብኝቱን የሚመራውና ቀደም ብላችሁ አስነግሩ። የራሳቸው ምግብ ቤት አላቸው፣ ቅርጫትና የእጅ ሥራ ይሸጣሉ። እኔ ስሄድ የዘጌ ቡና ይዤ ነበር፤ የተቆላና የታሸገ። ጥሬ ቡና ወይም ዘር አትያዙ፣ ድንበር ላይ ያስቸግራችኋል። አንዲት አሮጊት ተቀብለውኝ አሸተቱት፣ ከዚያ «ከየት ነህ?» አሉኝ። ከኢትዮጵያ፣ ቡና መጀመሪያ ከበቀለበት አገር አልኳቸው፤ አስተርጓሚዋ ነገረቻቸው። እሳቸውም በእነዚህ ተራሮች ቡና የለቀሙት የማን አያቶች እንደሆኑ ነገሩኝ። ቡናውን አፈሉት። ስኳሩን አብዝተው ነበር፣ እኔም እንደሰጡኝ ጠጣሁት። በብራዚል ቆይታዬ ሁሉ ሰዎች የአገራቸው ሰው እየመሰልኳቸው በፖርቱጋልኛ ያወሩኝ ነበር፤ እዚያ ግን የእንግዳ ወንበር ስበው ሰጡኝ።

መብል

እዚያ «ፖር ኪሎ» የሚባል ምግብ ቤት አለ። ሰሐን ይዛችሁ የፈለጋችሁትን ታነሳላችሁ፣ በሚዛን ተመዝኖ ትከፍላላችሁ። ቋንቋ ለማይችል ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ ፍልሰታ ውስጥ ናችሁ። ሩዝና ባቄላ በየቦታው አለ። ግን «ፌይዣው» የሚሉት ጥቁር ባቄላ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላልና ሙስሊምም ክርስቲያንም መጀመሪያ ይጠይቅ። «ሴን ካርኒ» ማለት ያለ ሥጋ፣ «ሴን ማንቴይጋ» ማለት ያለ ቅቤ ነው። ፋሮፋ የሚባለው የካሳቫ ዱቄትም ብዙ ጊዜ በቅቤ ይቆላል።

ዓሣ ለሚበላ ካይሳራዎቹ የሚሠሩት ከጥሬ ሙዝ ጋር የሚቀቀል ዓሣ አለ፤ ሲበስል መረቁ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን ቅመሱት። የኛን የአምባዛ ወጥ ያህል ቅመም የለውም፤ በርበሬ የለመደ ሰው ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይያዝ። ከሸንኮራ የሚወጣው ካሻሳ የሚባል አረቄያቸው ደግሞ የዚህች ከተማ ነገር ነው፤ ድሮ «ፓራቲ» ማለት ራሱ ካሻሳ ማለት እስኪሆን ድረስ ይታወቅ ነበር። ማምረቻዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ናቸው፤ ሲሠራ ያሳዩአችኋል፣ ያስቀምሷችኋልም። ኃይለኛ ነው፤ ከመዋኘታችሁ በፊት አትቅመሱ።

የወርቁ መንገድ

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ወደ ኩንያ በሚወስደው መንገድ ተራራውን ውጡ። ወርቅ ይወርድበት የነበረው፣ ባሪያዎች ድንጋይ ያነጠፉት አሮጌ መንገድ ደኑ ውስጥ አሁንም አለ። ከእነሱ በፊትም የአገሬው ነባር ሕዝብ ይሄድበት የነበረ ዱካ ነው። ከሚመራ ሰው ጋር ሂዱ፤ ድንጋዩ እርጥብና አንሸራታች ነው። እግረ መንገዳችሁን ፔንያ በሚባለው ሰፈር ውሃው በለስላሳ ቋጥኝ ላይ የሚንሸራተትበት ፏፏቴ አለ። ጢስ ዓባይን ጠብቃችሁ አትሂዱ፤ ትንሽ ነው። ልጆቹ ግን ቆመው ሲንሸራተቱበት ማየት ያስደስታል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ተንሸራተቱ።

ደኑም ባሕሩ ዳርም «ቦሃሹዱ» የምትባል ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች። ስትነክስ አይሰማም፤ በማግስቱ ግን እግራችሁ ያብጣል፣ ያሳክካል። መከላከያ ቅባት እዚያው ፋርማሲ ግዙ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ አብዝታችሁ ተቀቡ።

የምትመለሱበት ቀን የበረራው ቀን አይሁን። አውቶቡሱ በዝናብ ወይም በተራራ ናዳ ሊዘገይ ይችላልና አንድ ቀን ቀድማችሁ ሳኦ ፓውሎ ግቡ። ካሻሳ ከገዛችሁ ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ በሚላከው ሻንጣ አድርጉት። ጫማችሁንም በንጹሕ ውሃ አጥቡት፤ ጨው የነካው ጫማ ባሕር ዳር እስኪደርስ ይደርቅና ይሰነጠቃል።